“እጮኛዬን ጳጉሜ ቀማችኝ!”

ወደዚህ አምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች መልካቸው የታወቀ ነው። “ሌላ ወዳለች”፣ “ቤተሰቦቼ አልፈቀዱልኝም”፣ “ውጭ ሄዶ በዚያው ቀረ” የሚሉ ናቸው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. የደረሰንን አንድ ደብዳቤ ግን አንብበን ስንጨርስ እርስ በርስ ተያየን። የልጅቱን እጮኛ የቀማቻት ሌላ ሴት አይደለችም። ወር ናት! ያውም አምስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜ። ታሪኩ መቋጫ እስኪያገኝ ጠብቀን ዛሬ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

“እጮኛዬ የሚኖረው ኮልፌ ነው። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው” ትላለች ባለደብዳቤዋ። “ዓምና አንድ ፕሮግራም ሠርቶ ለአንድ ነጋዴ በ12 ሺህ ብር ሸጠ። ብሩ ካለቀ ቆየ። አሁን ደግሞ ያንኑ ሥራ እንደገና በነፃ ካልሠራሁ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣል። ምን ሆነህ ነው ስለው ‘ጳጉሜ ናት’ ይለኛል። ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ሁለት ጊዜ አራዘመ። እናቴ ‘ለመሆኑ ልጁ ጤነኛ ነው?’ ማለት ጀምራለች። ልታገሠው ወይስ ልተወው?”

የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ደግ አይደለምና ከመርካቶ ታክሲ ተሳፍረን ወደ ኮልፌ አቀናን።

አጠና ተራ

የኮልፌን አጠና ተራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። ስሙን ያገኘው በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ቤት የሚሠራ፣ አጥር የሚያጥር፣ ድንኳን የሚጥል ሁሉ እግሩ ወደዚያ ያመራል። ባለታሪካችን ፕሮግራሙን የሸጠላቸው ነጋዴም እዚያው አካባቢ አጠና፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ያከፋፍላሉ። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ግንበኞችና ኮንትራክተሮች ናቸው። ሽያጩ ደግሞ ግማሹ በእጅ በእጅ፣ ግማሹ በዱቤ ነው።

ወጣቱን ያገኘነው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ገባ ብሎ በተከራያት አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ዕድሜው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲሆን በኮምፒውተር ሙያ ዲፕሎማ አለው። ከአልጋው ሌላ በቤቱ ያለው ንብረት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና በስቴፕለር የተያያዙ ወረቀቶች ናቸው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ‘እሷ ናት የላከቻችሁ?’ ብሎ ፈገግ ካለ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ያጫውተን ጀመር።

“ጋሼ የዱቤ ደብተራቸው ጠፍቶባቸው ያውቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ፈሰሰ። በዚያ ምክንያት ነው ኮምፒውተር የገዙት። ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ነገር ልሥራልዎት ብላቸው ‘ሒሳቤን ሰማይ ላይ አልሰቅልም! ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሱቄን ልዝጋ?’ አሉኝ። እውነታቸውን ነው።”

ስለዚህ ወጣቱ የሠራው ዴስክቶፕ የሚባለውን ዓይነት ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መዝገቡም እዚያው ይቀመጣል። ቋንቋው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነበር። ይህ የማይክሮሶፍት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሲሆን ለጀማሪ የሚመች ነው። መስኮቱን በማውዝ ትስላለህ፣ ቁልፉን ጎትተህ ታስቀምጣለህ፣ ቁልፉ ሲነካ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጥቂት መስመር ትጽፋለህ። ማይክሮሶፍት ለማዘጋጃው የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢያቆምም በቋንቋው የተሠሩት ፕሮግራሞች መሥራታቸውን አላቆሙም። ባለታሪካችንም በኮሌጅ የተማረው እሱን ነበር።

ፕሮግራሙ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተጫነ። መዝገቡን የምትሞላው የነጋዴው የእህት ልጅ ናት፤ ገንዘብ ተቀባይም እሷው ነች። ጋሼ ተደሰቱ፣ 12 ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡ፣ ጎረቤት ነጋዴዎችንም እየጠሩ አሳዩ። ውል የሚባል ነገር አልተጻፈም። ‘ልጄ ነህ’፣ ‘አባቴ ነዎት’ ተባብለው ተጨባበጡና አለቀ።

ጉዱ የወጣ ዕለት

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን ጋሼ የዱቤ ዝርዝር አሳትመው ሲያነቡ የአንድ ታዋቂ ግንበኛ ዕዳ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ቀኑ 13/5/2016 ይላል። ወር አምስት ማለት ጥር ነው። “ዘጠኝ ወር ሙሉ!” ብለው ጦፉ። ሰውዬው በማግስቱ ሚስማር ሊገዙ ሲመጡ በሠራተኞቻቸው ፊት አፋጠጧቸው። ስማቸውን ጠብቀው የኖሩት ትልቅ ሰው ፊታቸው ሲቀላ ሲጠቁር ከቆየ በኋላ ከኪሳቸው ደረሰኝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው። ቀኑ ጳጉሜ 5 ይላል። የመክፈያው ጊዜ ገና ኅዳር ነበር። ሰውዬው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም እንኳ ደግ ነበር። ጋሼ ተጠራጥረው የየወሩን ሽያጭ በፕሮግራሙ ሲያወጡ ጳጉሜ ባዶ ሆና ተገኘች! አምስት ቀን ሙሉ አንድ ሚስማር እንኳ አልተሸጠም ይላል ኮምፒውተሩ። ኮምፒውተር አይዋሽም አይደል የሚባለው? ጋሼ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። “የጳጉሜን ገንዘብ የት አደረግሽው? እስከ ሰኞ ካላመጣሽ ለእናትሽ ነው የምነግራት!” አሏት። ሠራተኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ወጣች።

በዚያ ምሽት የእኛ ባለታሪክ ስልክ ተደወለለት። “አንተ ልጅ፣ ነገ መጥተህ ይህቺ ልጅ ስንት እንደወሰደች ከማሽኑ አውጣልኝ።”

ጥፋቱ የማን ነበር?

ወጣቱ የመዝገቡ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ነበረውና ሌሊቱን ሲያገላብጠው አደረ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ላብ ላብ ያለው። ነገሩን ለእኛ ባስረዳን መንገድ ለእናንተም እናስረዳ።

ልጅቷ ቀን የምታስገባው በቁጥር ነበር፤ ቀን አስቀድማ፣ ወር አስከትላ። ጳጉሜ 5ን 5/13/2016 ብላ ጻፈች። ቪዥዋል ቤዚክ የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ቀኑን ያነበበው በፈረንጆቹ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር በሱ ዘንድ የለም። ታዲያ ‘ተሳስተሻል’ ብሎ ቢመልሳት ጥሩ ነበር። እሱ ግን ‘አሃ፣ ወሩን አስቀድማ ጽፋ ይሆናል’ ብሎ በራሱ ይገምትና ቁጥሮቹን ገልብጦ 13/5 አድርጎ ያስቀምጣል። ድምፅ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ! በዚህ ዓይነት ጳጉሜ 1 መስከረም 13 ሆነች፣ ጳጉሜ 2 ጥቅምት 13 ሆነች፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር እያለች አምስቱም ቀን በአምስት ወር ላይ ተበተነች። ገንዘቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ቀኑ ነው የጠፋው።

“ፕሮግራሙን ስሠራ የሞከርኩት በዕለቱ ቀን ነበር። ይሠራል ብዬ ተነሣሁ። ጳጉሜን አልሞከርኳትም” ይላል አንገቱን ደፍቶ።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው አንባብያን። ይህን የሚያውቅ ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረም። ዝም ቢል ጥፋቱ በልጅቷ ላይ ይደመደማል፤ እሱ ማታውኑ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ጎበዝ እንደተባለ ይኖራል። ‘አንድ ልቤ እንደዚያ አላለኝም አልልም’ ብሎናል። በማለዳ ግን ወደ አጠና ተራ ሄደ። ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት “ጋሼ፣ እሷ ምንም አልወሰደችም። ጥፋቱ የኔ ነው” አለና ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረላቸው።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው በሰደቧት ሰዎች ፊት “ይቅር በይኝ ልጄ” አሏት። በዚያው ዕለት ማታ ወደ ግንበኛው ቤት ራሳቸው ሄዱ። ወጣቱን ግን እንዲህ በዋዛ አልለቀቁትም። “አሳፈርከኝ። አስተካክለው። እስከ መጪው ጳጉሜ ደብተሩ ከማሽኑ ጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ እኩል ከመጡ ያን ጊዜ አምንሃለሁ” አሉት።

ልጅቷም አንድ ነገር ተናገረች። “ጥቅምት 30ንም እኮ አይቀበልም። እኔ 29 እያልኩ ነው የምሞላው።” ወጣቱ ደነገጠ። እውነት ነው፤ 30/2 ማለት ለፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ እንደዚያ የሚባል ቀን ደግሞ የላቸውም። “ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?” ቢላት “ማን ጠየቀኝ?” አለችው።

መሣሪያው የኛን ቤት አያውቅም

በሙያው ብዙ ዓመት ያስተማሩ አንድ መምህር ታሪኩን ስናጫውታቸው ሳቁ። “ይህ የአንድ ልጅ ስንፍና ብቻ አይደለም። መሣሪያው ሌላ አገር ተሠርቶ የመጣ ነውና የኛን ቤት አያውቅም” አሉን።

በፊደላችንም የደረሰው ይኸው ነበር። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የሚይዙት 256 ምልክት ብቻ ሲሆን ግማሹ አስቀድሞ በእንግሊዝኛው ተይዟል። የኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ደከሙ። አዲስ አበባ ላይም ጸሐፊዎቻችን የለመዷቸው የአማርኛ መጻፊያዎች ተከታትለው ወጡ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይሰይም ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የዶሮ ጭረት ይሆን ነበር። ይህ መላ ያገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ነው። ዛሬ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ የላክኸው የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ላይ ሳይዛነፍ የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ወጣቱ ሥራውን እንደገና የጀመረው ሲ ሻርፕ በተባለው ቋንቋ ነው። ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣው ዶት ኔት ውስጥ የዕብራውያን፣ የፋርስ፣ የጃፓንና የታይላንድ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የኛ የለም። በጃቫ የሚሠሩ ግን አይ ሲ ዩ የሚባለውን ነፃ ስብስብ ቢጨምሩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያገኛሉ። ባለታሪካችን ሌሊቱን የሚያፈጥጠው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ቋንቋው ያልሰጠውን ጳጉሜ በራሱ እጅ ሊሠራላት።

መምህሩ የመከሩት እንዲህ ብለው ነው። አንደኛ፣ ተጠቃሚዋ ወሩን በቁጥር አትጻፍ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ከተደረደሩ ስሞች ትምረጥ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ውስጥ ቀን የሚቀመጠው ከአንድ መነሻ ጀምሮ በተቆጠረ የቀን ብዛት ይሁን፤ ወሩና ዓመቱ የሚወጣው ለማሳየት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን እንዳላት አትርሳ። በ2015 ዓ.ም. 6 ነበረች፣ የ2019ኙም 6 ነው።

ለባለሙያም መሣሪያ ያሻል

ወጣቱ በዚህ አላበቃም። የጳጉሜን ነገር እንዳይደገም አንድ ትንሽ መፈተሻ ሠራ። ይህ ለነጋዴ የሚሸጥ ሳይሆን ለራሱ ለፕሮግራመሩ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ከአንድ ቀን ይነሣና የአራት ዓመት ቀኖችን ሁሉ፣ 1461ዱንም፣ እያንዳንዱን ወደ ፈረንጅ ይለውጣል፣ መልሶ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣል። አንዷ እንኳ ከተዛነፈች በቀይ ጽፎ ይጮኻል። ለዓይን ወር የሚፈጀውን ሥራ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል። በኋላም ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ2100 ፌብሩዋሪን 29 እንደማያደርጓት ሲሰማ ፈተናውን እስከዚያ ድረስ አስኬደው። ‘ያኔ ጋሼም እኔም አንኖርም’ ብሎ ይስቃል።

ይህን መሣሪያ ጓደኞቹ ወስደው እየሠሩበት ነው። ትልልቆቹ የዓለም መሣሪያዎችም የተወለዱት እንዲሁ ከቸገረው ሰው እጅ ነው። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሥራ ባልደረቦቹ የኮዳቸውን ቅጂ የሚይዙበት ፕሮግራም ሲከለከሉ ጊት የተባለውን መሣሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሠራት ጀመረ። ዛሬ የዓለም ፕሮግራመር አብዛኛው ሥራውን የሚይዘው በጊት ነው።

ከመብራት ጣጣም የተማረው አለ። በፊት መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ይበላሽ ነበር። አሁን ኤስኪዩላይት የተባለውን ነፃ የመዝገብ ማስቀመጫ ይጠቀማል። ይህ ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ነው። ሽያጩ ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል፣ ካልሆነም ጭራሹኑ አይመዘገብም፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለም።

ምክራችን

በዚህ መንገድ ላይ ላላችሁ ወጣቶች ከመምህሩና ከባለታሪካችን የቀሰምነውን እናካፍላችሁ።

ቋንቋ አታማርጡ፤ አንዱን ያዙና ዳር አድርሱት። ቋንቋ ይመጣል ይሄዳል። ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ እ.ኤ.አ. በ1983 ቱርቦ ፓስካልን ሠራ፣ በ1995 በወጣው ዴልፊ ላይ ዋናው ሰው ነበር፣ ሲ ሻርፕንም መራ፣ በ2012 ደግሞ በታይፕስክሪፕት መጣ። ሰውዬው አንድ ነው፤ በአንዱ ያወቀው ለሌላው ጠቀመው። ፓይተንም ሆነ ሲ ሻርፕ ወይም ጃቫ ለሱቅ ፕሮግራም አያንስም።

ተጠቃሚው ጎን ተቀመጡ። አሠሪው ገንዘብ ይከፍላል፣ ችግሩን የሚያውቀው ግን ቁልፉን የሚነካው ሰው ነው። ያቺ ልጅ ጎን አንድ ቀን ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ጥቅምት 30 ትነግረው ነበር፤ ጥቅምት 30 ደግሞ ስለ ጳጉሜ ታስጠነቅቀው ነበር።

ውል ጻፉ። ‘ልጄ ነህ’ ውል አይደለም። የሠሪው ስህተት በነፃ ይታረማል፣ አዲስ ፍላጎት ሲመጣ ግን ይከፈልበታል ብላችሁ በአንድ ገጽ ተስማሙ። እስከ መቼ እንደሆነም ጨምሩበት።

ቅጂ ያዙ። ሱቁ ቢቃጠል ሱቁ ውስጥ ያለው ፍላሽ አብሮ ይቃጠላል። አንዱ ቅጂ በየሳምንቱ ቤት ይግባ።

ደብተሩን ቶሎ አትጣሉ። ቢያንስ አንዲት ጳጉሜ ትለፍ።

ለባለደብዳቤዋ እህታችን ያልናት ደግሞ ይህን ነው። “እህታችን፣ አንቺ ያየሽው በነፃ የሚለፋ ሰው ነው። እኛ ያየነው የሰው ልጅ ሌባ ከምትባል እኔ ልዋረድ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን አንተወውም። ነገር ግን እሱም ጥፋት አለበት። ለጋሼ የተናገረውን እውነት ላንቺ አልነገረሽም፤ አፍሮ ‘ጳጉሜ ናት’ ብሎ አለፈው። ቁጭ በሉና ሙሉውን ይንገርሽ። ሌሊቱንም ይገድበው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተጻፈ ኮድ ለነገ ሌላ ስህተት ነው።”

ከዚያ በኋላ ለወራት ድምፃቸው ጠፋ። ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ግን ስልካችን ጮኸ። የደወለችው እሷ ናት፤ ከአጠና ተራ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ያነባሉ፣ እሷ ከስክሪኑ ታመሳክራለች፣ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። አምስቱም ቀን፣ እያንዳንዱ ሚስማር፣ እያንዳንዱ ዱቤ እኩል መጣ። ጋሼ ደብተሩን ዘግተው “በል እንግዲህ ሽማግሌ ካጣህ እኔ አለሁ” አሉት።

ሁሉም ሲስቁ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። “ቆይ፣ ጥቅምት 30ንስ?” ብላ ራሷ መረጠችው። ተቀበላት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።